ሴት እርሻ አታስተምርም ለሚሉ ሰዎች የተሰጠ መልስ

አንባቢ ሆይ፤ በአገራችን ብዙ ጊዜ ሲነገር የሚሰማ አንድ ተረት አለ፤ እርሱም «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ነው። ይህን ተረት የሚናገሩ ሰዎች ጥበብ የተናገሩ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት በአስተማሪነት ኖሬ፣ ከዚያም ውስጥ የሚበልጠውን ዘመን በአዊ አገር በዳንግላና በእንጅባራ አካባቢ የግብርና ትምህርት ሳስተምር አሳልፌ፣ ይህ ተረት ስንት ጎተራ ባዶ እንዳስቀረ በዓይኔ አይቻለሁና ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ዕድሜዬ ስድሳ ስድስት ነው። በጡረታ ላይ ስላለሁ የምጠብቀው ሹመት የለም፤ የምፈራውም አለቃ የለም። ስለዚህ የማምነውን ሳልሸፍን እናገራለሁ።

በእኛ አገር «ገበሬ» ሲባል በሰው ልብ የሚታየው ሞፈርና ቀንበር የተሸከመ፣ ጅራፍ በእጁ የያዘ ወንድ ነው። ሴቲቱ የገበሬ ሚስት ትባላለች እንጂ ገበሬ አትባልም። እስቲ ዓመቱን በሙሉ የሚሠራውን ሥራ አንድ በአንድ እንቍጠረው። ለዘር የሚሆነውን እህል ከሚበላው ለይታ የምታስቀምጥ ማን ናት? በሐምሌ ዝናብ ጎንበስ ብላ ዳጉሳውንና ጤፉን የምታርም ማን ናት? አውድማውን በእበት የምትለቀልቅ፣ ጎተራውን ከነቀዝና ከአይጥ የምትጠብቅ፣ ላሚቱን የምታልብ፣ በጓሮ ድንችና ጎመን የምትተክል ማን ናት? በሬ ጠምዶ ማረስ ከባድ ሥራ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ከዓመቱ ሥራ አንዱ ክፍል ነው። አንዱን ክፍል የያዘ ሰው ስለ ሙሉው ሥራ እኔ ብቻ አውቃለሁ ሊል አይገባውም።

እኔ ያደግሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ተማሪ ተከፍላ የተሰጠች አንዲት መደብ መሬት ነበረች። ጧት ጧት ከጸሎት በኋላ ወንዱም ሴቱም በየመደቡ ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ይተክላል፤ ያጠጣል፤ ይኰተኵታል። የኔ መደብ ከወንዶቹ መደብ ያነሰ አላበቀለችም፤ መሬት የተከላትን እጅ የወንድ ነህ ወይስ የሴት ብላ አትጠይቅምና። ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ስለ አፈርና ስለ ማዳበሪያ ከመጽሐፍ ሲማሩ፣ እኛን ሴቶቹን ወደ ሌላ ክፍል ወስደው መርፌና ክር ይሰጡን ነበር። መርፌና ክር መልካም ነገር ነው፤ እስከ ዛሬም የልጅ ልጆቼን ልብስ የምጠቅመው ያን ጊዜ በተማርሁት ነው። ይሁን እንጂ ጧት እጃችን ከእጃቸው እኩል ከነበረ፣ ከሰዓት በኋላ አእምሯችን ከአእምሯቸው በምን አነሰ? ያስተማሩኝን ሰዎች እስከ ዕለተ ሞቴ አመሰግናቸዋለሁ፤ ይህችን ጥያቄ ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ በ1973 ዓ.ም. ሥራ ስጀምር የተመደብሁት ግብርና ላስተምር ነበር። የተመደብሁበት ትምህርት ቤት ኃላፊ ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያም «ይህ የጸሐፊ ስሕተት ነው፤ የቤት አያያዝ ለማለት ፈልገው ነው» አሉኝ። ስሕተት እንዳልሆነ በነገርኋቸው ጊዜ ትከሻቸውን ነቅንቀው የትምህርት ቤቱን ማሳ በጣታቸው አሳዩኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ትልልቆቹ ወንዶች ልጆች ዶማውን አንነካም አሉ። «ሴት እያዘዘችን ብንቈፍር ሰው ይስቅብናል» የሚል ነበር ምክንያታቸው። በሁለተኛው ሳምንት አባቶቻቸው መጡ።

ከመጡት አባቶች መካከል አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እርሳቸው እንደ ሌሎቹ አልተቈጡም፤ ዱላቸውን ተደግፈው በእርጋታ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ በሬ ጠምደሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ አባቴ።»

«እንግዲያ ያላረሰ ሰው እርሻን እንዴት ያስተምራል?»

አንባቢ ሆይ፤ በዚያች ቀን መልስ አጣሁ። ተቃዋሚዎቼ ሁሉ ከተናገሩት ይልቅ የከበደኝ ይህ የሽማግሌው ጥያቄ ነበር፤ ከክፋት የመጣ አልነበረምና። ሌሊቱን ሳስብበት አድሬ በማግሥቱ ወደ ቤታቸው ሄድሁና «አባቴ፣ እንግዲያስ ያስተምሩኝ» አልኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቈዩ። ከሁለት ቀን በኋላ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ሰው ሳይነሣ፣ ጥማድ በሬያቸውን እየነዱ ወደ ትምህርት ቤቱ ማሳ መጡ። ዕርፉን አስያዙኝ። የመጀመሪያው ፈሬ እንደ ወንዝ የተጠማዘዘ ነበር። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ «የኔም የመጀመሪያው እንዲሁ ነበር» አሉኝ። ፀሐይ ስትወጣ በሬዎቻቸውን ፈትተው ሲሄዱ ዘወር ብለው «ይህን ለሰው አትንገሪ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ባዩኝ ቍጥር ፈገግ ይሉ ነበር፤ ነገር ግን ሴት እርሻ ልታስተምር ትችላለች ብለው በሰው ፊት አንድ ቀን እንኳ አልመሰከሩልኝም። ይህን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

ለሽማግሌው ጥያቄ ያን ጊዜ ያጣሁትን መልስ ዛሬ ልስጥ። እርሻ የክንድ ሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ አገራችን በእህል የሞላች በሆነች ነበር፤ ገበሬያችን ከንጋት እስከ ማታ ክንዱን ያልሰሰተ ነውና። ለምሳሌ የባንጃንና የፋግታ ለኮማን መሬት ተመልከቱ። ዝናብ በብዛት የሚዘንብበት ደጋ ስለ ሆነ ለዘመናት የወረደው ውሃ የአፈሩን መልካም ንጥረ ነገር አጥቦ ወስዶታል፤ አፈሩም አሲዳም ሆኗል። አሲዳም በሆነ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም የተባለው ማዕድን ይሟሟና የሰብሉን ሥር ያኰስሰዋል፤ ፎስፈረስ የተባለውንም ምግብ አፈሩ ጨብጦ ስለሚይዘው በብዙ ብር የተገዛው ማዳበሪያ ለተክሉ ሳይደርስ ይቀራል። ገበሬው «መሬቱ ደከመው» ይላል። ይህን መሬት በሬ አሥር ጊዜ ቢያርሰው አይፈወስም፤ መድኃኒቱ በልኩ የተበተነ ኖራ ነው። ታዲያ ይህን ለማወቅና ለማስረዳት ጢም ያስፈልጋልን? አሲዳም አፈር ሰማያዊውን የመፈተኛ ወረቀት ቀይ ሲያደርገው፣ ወረቀቱን የያዘችው ሴት ናት ብሎ ቀለሙን አይለውጥም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ልማዳችን ነው» የሚል ነው። እኔ ልማድን የምንቅ ሰው አይደለሁም። የአዊ ሕዝብ የሚኰራበት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሱን አሸብርቆ ሲወጣ ባየሁ ጊዜ ሁሉ ልቤ ይሞቃል። ነገር ግን ይህ ማኅበር ራሱ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አልነበረም፤ በዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን ማሰብ መልካም ነው ያሉ ሰዎች ጀመሩት፤ ልጆቻቸውም ተቀበሉት፤ ዛሬ ልማድ ሆነ። እንግዲህ መልካም ልማድን ሰው ሊጀምረው ከቻለ፣ ክፉውን ልማድ ሰው ሊያቆመው እንዴት ይሳነዋል?

ልማድ ከሕግ ይልቅ እንደሚበረታ ግን አልክድም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ፣ በግሉ ሊያርስ ለሚወድ ሰው ሁሉ ያለ ፆታ ልዩነት መሬት እንዲሰጠው አዝዞ ነበር። ዳሩ ግን ያው አዋጅ በቅጥር ሰው ማሳረስን ሲከለክል፣ ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ከክልከላው ነፃ አወጣት። ይህ ለሴቲቱ የተደረገ ርኅራኄ ነው፤ ሆኖም ሴት ራስዋ ልታርስ አትችልም የሚለውን ልማድ አዋጁ ሳይጠይቅ ተቀብሎታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ ሴቶች በመሬት አጠቃቀም ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በክልላችንም በ1992 ዓ.ም. ከወጣው የመሬት አዋጅ ወዲህ የይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው አብሮ ገባ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ባልዋ የሞተባትን ወይም የፈታችውን ሴት ሄዳችሁ ጠይቁ። ደብተሩ በሣጥንዋ ውስጥ አለ፤ በሬ ጠምዶ የሚያርስላት ግን የእኩል አራሽ ነው፤ ከምርቱም እኩሌታውን ይወስዳል። ደብተሩ የእርስዋ ሆኖ ሳለ ጎተራዋ የሚጎድለው ሕግ ስላነሰ አይደለም። ማረሻ መንካት ነውር ነው እየተባለች ስላደገች ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከመጽሐፍ ቅዱስ የሚጠቀስ ነው። በፊትህ ላብ እንጀራህን ትበላለህ የተባለው አዳም ነውና እርሻ የአዳም ዕጣ ነው ይላሉ። እንዲህ የሚሉ ሰዎች መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ሳያልፉ ዘግተውታል። መጽሐፈ ምሳሌን እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ቢያነቡ፣ በዚያ የተመሰገነችው ሴት መሬት አይታ መርምራ የምትገዛ፣ በራስዋም እጅ የወይን ቦታ የምታለማ እንደ ሆነች ያገኙ ነበር። ሩትም በቦዔዝ እርሻ ቃርሚያ ስትለቅም ነው የተገኘችው። ደግሞስ ላብ የአዳም ብቻ ከሆነ፣ ከወንዝ እስከ ቤትዋ ድረስ ዳገቱን ሃያ አምስት ሊትር ውሃ በጀርባዋ ተሸክማ የምትወጣው ሴት በግንባርዋ የሚወርደው ምንድር ነው? አራተኛው «ሴት አቅም የላትም» የሚለው ተቃውሞም በዚሁ መልሱን አግኝቷል፤ ጭነት ሲሆን አቅም አላት፣ ዕውቀትና ሥልጣን ሲሆን አቅም የላትም የሚል ሚዛን የሌባ ሚዛን ነው።

አሁን ከክርክር ወጥቼ ያየሁትን ጕዳት ልንገራችሁ። በአዊ ደጋ ድንች የብዙ ቤተ ሰብ ምግብም ገንዘብም ነው። ለዘር የሚሆን ድንች በጨለማ ተከምሮ ሲቀመጥ ረጅምና ነጭ የሆነ ደካማ ቡቃያ ያወጣል፤ ሲነካም ይሰበራል፤ ከሥር ያለውም ይበሰብሳል። በመደርደሪያ ላይ ስስ ሆኖ ተዘርግቶ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳይመታው ብርሃን እንዲያገኝ ቢደረግ ግን አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ቡቃያ ያበቅላል። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ቀበሌ ይህን ለማስተማር አባወራዎች ተጠሩ። መጡ፤ ሰሙ፤ በአካባቢያችን ቀርከሃ ሞልቷልና በየቤታቸው ጥሩ ጥሩ የቀርከሃ መደርደሪያ ሠሩ። ሚስቶቻቸው በዚያ ቀን የት ነበሩ? ለስብሰባው የሚሆን ጠላ ሲያጠልሉ ነበር።

ዘሩን የሚያስቀምጡት ግን እነርሱ ናቸው። መደርደሪያው ለምን እንደ ተሠራ የነገራቸው ሰው ስላልነበረ እንቅብና ሰፌድ አስቀመጡበት፤ ድንቹንም እናቶቻቸው እንዳስተማሯቸው በጓዳ ጨለማ ከመሩት። የመትከያው ጊዜ ሲደርስ ከክምሩ ብዙው በስብሶ ተገኘ። ወንዶቹም «የመንግሥት ትምህርት ከንቱ ነው» ብለው ተናገሩ። ትምህርቱ ከንቱ አልነበረም፤ የተነገረው ለማይመለከተው ጆሮ ነበር። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፣ ዕውቀቱ ከደጃቸው ደርሶ ሳለ ቤታቸው ሳይገባ ቀረ።

እኔም በአንዲት ሴት ቤት ቡና ሲፈላ ጎረቤቶችዋን አሰብስቤ፣ ከጨለማ የወጣ አንድ ድንችና ከብርሃን የወጣ አንድ ድንች በየእጃቸው አስያዝኋቸው። ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም። አንዲቱ ግን «መደርደሪያውን ከምድጃው አጠገብ ብናደርገውስ?» ብላ ጠየቀችኝ። የእሳቱ ሙቀት ቡቃያውን ያለ ጊዜው እንደሚያስወጣና ዘሩን እንደሚያኰማትረው ነገርኋት። ይህችን የመሰለች ጥያቄ ከአባወራዎቹ አንዱ እንኳ አልጠየቀም ነበር። ስለ ምን? ምድጃው የት እንዳለና ጓዳው ምን ያህል እንደሚሞቅ የምታውቀው ሴቲቱ ናትና።

ይህ ነገር በአንድ ቀበሌ ብቻ የሆነ አይምሰላችሁ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ፣ በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ከእርሻ ሠራተኛው በአማካይ ከመቶ 43ቱ ሴቶች እንደ ሆኑ ገልጿል። ሴቶች ዘርን፣ ማዳበሪያን፣ ብድርንና ትምህርትን ከወንዶች እኩል ቢያገኙ የማሳቸው ምርት ከመቶ ከ20 እስከ 30 ሊጨምር፣ በዓለም ላይ የሚራበውም ሕዝብ ከመቶ ከ12 እስከ 17 ሊቀንስ እንደሚችል ገምቷል። ስለዚህ ሴትን ከእርሻ ትምህርት ማራቅ ሴትን ብቻ የሚጐዳ አይደለም። የሚራበው ልጅ ወንድም ነው፣ ሴትም ነው።

ሴት በእርሻ ዕውቀት ወዴት ልትደርስ ትችላለች የሚል ሰው ቢኖር ሩቅ ሳይሄድ ጎረቤቱን ይጠይቅ። ከእንጅባራ ተነሥቶ በቡሬ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ፍኖተ ሰላምን ያገኛል። ዶክተር ሰገነት ቀለሙ የተወለዱት በዚያች ከተማ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ በአሜሪካ አገር በዕፀዋት በሽታ ጥናት ዶክትሬት አግኝተው፣ በኮሎምቢያ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የሐሩር አገር እርሻ ማዕከል ለብዙ ዓመታት ሠሩ። በ2013 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል በዋና ዳይሬክተርነት ለመምራት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በሳይንስ ለላቁ ሴቶች የሚሰጠውን የሎሬያልና የዩኔስኮ ሽልማት ተቀበሉ። በዚያችው ናይሮቢ ከተማ የእንስሳትን አካል አፈጣጠር ያስተምሩ የነበሩት ዋንጋሪ ማታይ በ1977 እ.ኤ.አ. የገጠር ሴቶችን ችግኝ ማፍላት ባስጀመሩ ጊዜ፣ የደን ባለሙያዎች «ያልተማሩ ሴቶች ዛፍ ሊተክሉ አይችሉም» ብለው ነበር። ሴቶቹ ግን ተከሉ፤ ማታይም በ2004 እ.ኤ.አ. የኖቤልን የሰላም ሽልማት አገኙ። በፋግታ ለኮማ ኰረብታ ላይ የደከረንስ ችግኝ ተሸክማ የምትወጣ ሴት ሳይ እነዚህን ሰዎች አስባለሁ።

ይሁን እንጂ የታላላቆችን ስም ጠርቼ ብቻ ብሄድ ራሴን መደለል ይሆንብኛል፤ ስምዋ ያልተጠራ አንዲት ልጅ አለችና። ተማሪዬ ነበረች፤ ስለ አፈር ስታስረዳ ከኔ ትሻል ነበር። ግብርና ኮሌጅ እንድትገባ የመከርኋት እኔ ነኝ። ተመርቃ በአንድ ገጠር ቀበሌ የልማት ሠራተኛ ሆና ተመደበች። የተከራየችው ቤት በሩ ከውስጥ አይቈለፍም ነበር። ማሳ ለመጐብኘት ከአንድ ገበሬ ጋር ሁለት ሰዓት መንገድ ስትሄድ በማግሥቱ ሐሜት ይነሣል፤ ሐሜት ፈርታ ስትቀር ደግሞ ሰነፍ ተብላ በግምገማ ትወቀሳለች። በስብሰባ ላይ ወንድ ባልደረቦችዋ ሲያስተምሩ እርስዋ ቡና እንድታቀርብና ቃለ ጉባኤ እንድትጽፍ ትታዘዛለች። የደከመችበት ሥራ በሌላ ሰው ስም ወደ ወረዳ ይሄዳል። ሁለት ክረምት ታግሣ ሥራውን ተወች። ልትሰናበተኝ በመጣች ጊዜ «እትዬ፣ ትምህርቱን አልጠላሁትም፤ ብቻዬን መሆኔን ነው የጠላሁት» አለችኝ። ዛሬ በአንድ ከተማ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ትሸጣለች። መንገዱን አሳየኋት፤ በመንገዱ ላይ ያለውን ጅብ ግን አልነገርኋትም። ስለዚህ ወቀሳዬ ከራሴ ይጀምራል።

ለመሆኑ ይህ ሊሻሻል አይችልምን? ይችላል፤ ማስረጃውም በየቀበሌው አለ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መንግሥት በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አድርጎ መደበ። ጐጆ ለጐጆ እየዞሩ ስለ ክትባትና ስለ ንጽሕና አስተማሩ፤ ሕዝቡም ተቀበላቸው። ያው ሽማግሌ፣ ያው ገበሬ፣ ያው መንደር ነው። ሴት ስለ ልጁ ጤና ስትነግረው የሚያደምጥ አባት፣ ስለ ልጁ እህል ስትነግረው ጆሮውን የሚደፍነው ስለ ምንድር ነው? ደግሞም እነዚያ ሴቶች ሁለት ሆነው መመደባቸውን ልብ በሉ፤ የኔ ተማሪ ብቻዋን ነበረች።

እኛ ሴቶችም ከጥፋቱ ንጹሓን አይደለንም። «ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት» እያልን ሴቶች ልጆቻችንን የምናሳድግ እኛው ነን። ዕርፍ በያዝሁ ጊዜ ከወንዶቹ ይልቅ በኔ ላይ የሳቁት በውሃ መንገድ ያዩኝ ሴቶች ነበሩ። ልጃችን በትምህርት ቤት ማሳ ውላ ጭቃ ነክቷት ስትመጣ «ምን ወንዳወንድ ሆንሽ» ብለን የምንቈጣት እኛ ነን። እንዲህ እያደረግን ወንዶችን ብቻ ብንወቅስ ፍርድ ማጓደል ይሆንብናል።

ይልቁንም ይህ ዘመን ቸል የምንልበት ዘመን አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ሴቶችም ማሳውንና ቤቱን ብቻቸውን ይዘው ቀርተዋል። ወንድ የሌለበት ቤት ማሳ ሳይታረስ ይደር ወይስ ሴቲቱ ትማር? ይህን ለሚመልስ ሰው ክርክሩ ያለቀ ይመስለኛል።

እንግዲህ የምለምነው ነገር ብዙ አይደለም። የእርሻ ትምህርት ሲሰጥ ባልና ሚስት አብረው ይጠሩ፤ ሰዓቱም ሴቲቱ ከእሳት ዳር የምትላቀቅበት ሰዓት ይሁን። አማርኛ ለማይቀናቸው እናቶች በአዊኛ ይነገራቸው። ሴት የልማት ሠራተኛ ስትመደብ ከሌላዋ ጋር ሁለት ሆነው፣ በሩ የሚቈለፍ ቤት ተዘጋጅቶላቸው ይመደቡ። በስብሰባ ቡናውን የሚያቀርበው ተራ ይውጣለት። በትምህርት ቤት ሴቲቱ ዶማ ትያዝ፤ ወንዱም መርፌ ይያዝ፤ ለሁለቱም ይጠቅማቸዋልና። እንጅባራ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሆናለች፤ ከዚያ የሚወጡት ሴቶች ልጆቻችን የኔ ተማሪ የደረሰባት እንዳይደርስባቸው ከአሁኑ እናስብ።

አሁን ወደ ሽማግሌው ልመለስ። እርሳቸው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ፤ ደግ ሰው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። በሬዎቻቸውን ነድተው የመጡት ስለሚያምኑብኝ ነበር፤ ጎሕ ሳይቀድ የመጡት ግን ሰው ስለፈሩ ነበር። አንባቢ ሆይ፤ በአገራችን እንደ እርሳቸው ያሉ ወንዶች ብዙዎች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ሚስታቸው ስለ ዘር የምትለውን በቤታቸው ይሰማሉ፤ በአደባባይ ግን «ሴት ምን ታውቃለች» ሲባል አብረው ይስቃሉ። አንተም ከእነርሱ አንዱ ከሆንህ የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጨለማ ያመንህበትን በቀን መስክር። ያን ጊዜ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት በራሱ ጊዜ ያልቃል።